ወለተ ኪዳን ብዬ የሸፈንኳት ሴት

ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እስከ ዛሬ ግን ሰው ወረቀት ዘርግቶ ሲያነብ ካየሁ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ስሙ ነው። የማን ስም ነው የተጻፈው? ማየት የሌለበት ሰው እያየው ይሆን? ልጆቼ ይስቁብኛል። «እማዬ፣ የሠርግ መጥሪያ እኮ ነው» ይሉኛል። እነሱ ይሳቁ። እኔ ግን አንድ ስም በወረቀት ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ አይቼ ክው ብዬ የቀረሁ ሰው ነኝ። ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም፤ ይህን የምጽፈውም ቢለቀኝ ብዬ ነው።

ሥራ የጀመርኩት መርጡለ ማርያም ነው፣ ደርግ በወደቀ ማግስት፣ በታይፒስትነት። የደመወዙን ነገር እንተወው፤ ከቤት ኪራይና ከሽሮ አያልፍም ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ ደብዳቤ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ገጹን በሙሉ እንደገና ያስመቱኝ ነበር። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ፊቱን ያልታጠበ ሰው ነው» ይላሉ። እማረርባቸው ነበር፤ ጣቴን ያሰለጠኑት ግን እሳቸው ናቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወርኩ። የተዛወርኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጽፍም፤ አቤቱታና የምስክር ቃል የሚቀበል ቤት እንደነበር ማወቅ ይበቃል። ግድያ ያየ፣ ጠለፋ ያየ፣ ቤት ሲቃጠል ያየ ሰው እኛ ዘንድ መጥቶ ቃሉን ይሰጣል። የቃሉ ግልባጭ ለተከሳሽ ወገንና ለጠበቃ ይሄዳል። ቃሉ ይሂድ እንጂ የተናገረው ሰው ስም ጉዳዩ የሚሰማበት ቀን እስኪደርስ አይሄድም። በእኛ አገር ደም የሚመላለስ ነገር ነውና የምስክር ስም ማለት የምስክሩ ነፍስ ማለት ነው። የእኔ ሥራ ያን ስም መሸፈን ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ መልሶ መግለጥ። ሸፍኖ ማጥፋት ቀለም ያለው ሰው ሁሉ ይችላል። ተመልሶ እንዲገለጥ አድርጎ መሸፈን ግን ሙያ ነው።

ሙያውን ያስተማሩኝ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የኔታ ጥበቡ ናቸው። በወጣትነታቸው ብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ስለነበሩ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «የኔታ» ይላቸዋል። መጽሐፍ ባለቤት ሲለውጥ የፊተኛውን ባለቤት ስም በቢላ ፍቀው አዲሱን ይጽፉበት እንደነበር አጫውተውኛል።

«የተፋቀ ስም የጠፋ ይመስልሻል» አሉኝ በመጀመሪያው ሳምንት። «ብራናውን ወደ ፀሐይ ስታዞሪው ግን ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ።»

ስለዚህ የኔታ ቀለምን አያምኑም። ስሙን በጥቁር ቀለም ይቀቡና ያንን በፎቶ ኮፒ ያባዙታል፤ የተቀባው ራሱ ከቢሮ አይወጣም፣ የሚወጣው ቅጂው ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ገጽ መስኮቱ ላይ ይለጥፉና አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከፊትም ከኋላም ያዩታል። በተቀባው ስም ፈንታ ቁጥር ይሰጣሉ፤ የቁጥሩ ፍቺ በአንድ ሰፊ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ደብተሩ ደግሞ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ቁም ሳጥን ይቆለፋል። «ስምና ነገር በአንድ ቤት አይደሩ» ይሉ ነበር። ደብተሩ ዓምድ ዓምድ ሆኖ የተሰመረ ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ መጨረሻ ላይ የክርስትና ስም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸው ከነአባታቸው የሚገጥም ሰዎች ስለማይጠፉ በክርስትና ስማቸው ይለያሉ። የኔታ ምስክር ገበያ ላይ ቢያገኙ እንደማያውቁት ሰው ዓይናቸውን ሰብረው ያልፋሉ። ሰው ኩራተኛ ይላቸው ነበር፤ ግድም አልነበራቸው።

የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ጡረታ ሲወጡ ኮምፒውተር መጣ። እኔም የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሆንኩ። በኮምፒውተር መሸፈን ቀላል መሰለኝ። ስሙን መርጦ በላዩ ላይ ጥቁር መቀባት ነው፣ አለቀ። እንዲህ እያደረግሁ ለወራት ግልባጩን በፍላሽ ለጠበቆች ስሰጥ ቆየሁ።

አንድ ቀን ሄኖክ የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ከባሕር ዳር ተልኮ መጣ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሥራዬን አየ።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«የተሸፈነ ስም ነው።»

ሄኖክ ጥቁሩን ቀዳና ባዶ ገጽ ላይ ለጠፈው። ስሙ ከነአባቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ስንት ሰው ነው እንዲህ በፍላሽ አዝዬ የላክሁት? አንዱም ጠበቃ ይህን ሳይደርስበት መቅረቱ የእግዜር ቸርነት እንጂ የእኔ ጥበብ አልነበረም። ሄኖክ መደንገጤን አይቶ ውኃ አመጣልኝ። የተላከለት ሥራም ይኸው እንደሆነ ነገረኝ።

ይዞት የመጣው ፕሮግራም ስም አይቀባም፤ ስሙን ከወረቀቱ ላይ ጨርሶ ያነሳዋል። በቦታው «ሰው 1»፣ «ሰው 2» እያለ ምትክ ያስቀምጣል። የተነሳው ስም በምስጢር ፊደል ተቋጥሮ ሌላ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ያንን ፋይል «ቁልፍ» ይሉታል። ቁልፉ በሌላ ፍላሽ፣ በሌላ ክፍል ይቀመጣል። ወረቀቱ፣ ቁልፉና የይለፍ ቃሉ አንድ ላይ ሲገናኙ ግን ስሞቹ ሁሉ ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ሄኖክ በእኔ ፊት ሃያ ስም አጥፍቶ ሃያውንም መለሳቸው። አማተብኩ።

«የኔታን አግኝተሃቸው ታውቃለህ?» አልኩት።

«የትኞቹን የኔታ?»

ሳያውቃቸው የእሳቸውን ደብተር ነበር የሠራው። ያን ቀን በሥራዬ ደስ ያለኝን ያህል ከዚያ በኋላ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥፋቴ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቃል የሰጠ ሰው ቃሉ ተነቦለት «ልክ ነው» ብሎ ይፈርማል። አንድ በዕድሜ ከፍ ያሉ አባወራ የተሸፈነው ግልባጭ ሲነበብላቸው ራሳቸውን «ሰው 3» ተብለው ሰሙ።

«ምን በደልኋችሁ?» አሉኝ። «ከብት ነኝ በቁጥር የምታውቁኝ? ወይስ እስረኛ?»

አንጀቴን በሉት። ሄኖክ ደግሞ ሲያሳየኝ በቁጥሩ ፈንታ የፈለግሁትን ቃል መጻፍ እንደምችል ነግሮኛል። አሰብኩና የኔታ ካሰመሩት ደብተር ላይ የየምስክሩን የክርስትና ስም እያወጣሁ በምትክነት ማስገባት ጀመርኩ። ለእኔ የክርስትና ስም ማለት ምስጢር ነው። የእኔን የሚያውቁት እናቴና የነፍስ አባቴ ናቸው፤ ባለቤቴ እንኳ ያወቀው ስንቆርብ ነው። ሰውየው በክብር ይጠራል፣ ባላጋራው ደግሞ ማን እንደሆነ አያውቅም። አለቃችን አቶ ፈንታሁን በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ መሆኑን ማን ያውቃል።

በዚያው ሰሞን እማዋይሽ መጣች። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ በሚወጣው አገር ገብስና ድንች የምታርስ፣ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላት ሴት ናት። ሁለት ወንድማማቾች በጠራራ ፀሐይ ጎረቤታቸውን ድንበር ላይ በመጥረቢያ ሲገድሉ አይታለች። ሌላ ያየ የለም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር የምትናገረው።

«እኔ ይህን መናገሬ» አለች፣ «የሟች እናት በየቀኑ ደጄ ላይ እየመጣች ስለምታለቅስ ነው። እነዚያ ሰዎች ካወቁ ግን አያሳድሩኝም። ልጅ አለችኝ።»

«ስምሽ አይወጣም» አልኳት። «በእጄ ነው የምሸፍነው።»

ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዝኳት። በጣቷ ፈረመችና ሄደች። እኔም እማዋይሽ የሚለውን ስም በገባበት ሁሉ አንስቼ «ወለተ ኪዳን» ብዬ ተካሁ። ቁልፉን ለብቻው ቆለፍኩ። ግልባጩ ለተከሳሾቹ ወገን ወጣ።

ከሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀን፣ የኔታን ልጠይቅ ሄድኩ። ዓይናቸው ብርሃንን ብቻ ነበር የሚለየው። ዳዊታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በቃላቸው ይደግማሉ። ስለ ፕሮግራሙ ነገርኳቸው፣ ደስ አላቸው። ቀጥዬ ስለ ክርስትና ስሙ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«ስምን በስም ሸፈንሽው?»

«የክርስትና ስም ነው እኮ፣ የኔታ። ማን ያውቀዋል?»

«አንቺ ገጠር ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ሰው ሲታመም ምን ተብሎ ነው የሚጸለይለት? ቄሱ ቆመው ማን ብለው ነው የሚጠሩት? ደብሩ ሁሉ እየሰማ እኮ ነው፣ ልጄ። አንቺ የከተማ ልጅ ነሽ፣ ከየት ታውቂዋለሽ። የክርስትና ስሙን ዓምድ ደብተሩ ላይ ያሰመርኩት እኔ ነኝ፤ የእኔም እጅ አለበት።»

ሰኞ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ግልባጩ ከወጣ አሥር ቀን ሆኖታል። ገና ያልተላከውን የሌሎቹን ምስክሮች ወረቀት ሁሉ እያወጣሁ ወደ ቁጥር መለስኩ፤ ከመጣደፌ የተነሳ ሁለት ጊዜ የይለፍ ቃሉን ተሳሳትኩ። የእማዋይሽ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖ ነበር። ቀበሌዋ ስልክ የለም። ምክንያቱን ሳልዘረዝር መልእክት ይላክላት ብዬ አቶ ፈንታሁንን ስጠይቃቸው «አታሟርቺ» አሉኝ።

ሐሙስ ዕለት እማዋይሽ ልጇን አስከትላ መጣች። ረቡዕ ገበያ ወርዳ ስትመለስ የገብስ ክምሯ ነዶ፣ አመዱ ላይ ጎረቤቶቿ ቆመው አገኘች። ማንም ምንም አላላትም፤ የጎረቤቶቿ ዝምታ ግን ነግሯታል። በዚያው ወጥታ መንገድ ላይ አድራ መጣች። ልብሷ ጭስ ጭስ ይላል።

«ማን ነው ያወጣኝ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

አቶ ፈንታሁን ግልባጩን አስመጡና በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይኸው እይው» አሏት፣ ማንበብ እንደማትችል ዘንግተው። «እማዋይሽ የሚል አንድም ቦታ የለም። ከእኛ ስምሽ አልወጣም።» አልዋሹም፣ ያመኑትን ነው የተናገሩት።

እኔ ከጎናቸው ቆሜያለሁ። «ወለተ ኪዳን» የሚለው ጽሑፍ ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም። እንጀራዬን ፈራሁ፣ ክስን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን የሷን ዓይን ፈራሁ። ዝም አልኩ።

«እንግዲያ የማምነው ሰው ነው የሸጠኝ» አለችና ልጇን ይዛ ወጣች። የምታምነው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

በቀጠሮው ቀን አልቀረበችም፤ ወንድማማቾቹ በማስረጃ እጦት ተለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ሠልጣኝ መጣ፣ አለቃ ተለወጠ፣ ፕሮግራሙም ሁለት ጊዜ ታደሰ። የሸፈንኩት ስም አንድም ጊዜ አልወጣም፤ የምስክር ወረቀትም ተሸለምኩ። ሽልማቱን ቤት አልሰቀልኩትም።

ጡረታ ልወጣ አንድ ወር ሲቀረኝ አንዲት ሴት ቢሮዬ ገባች። ጠጉሯ ሸብቷል። መጀመሪያ ያወቅኋት በድምፅዋ ነው። ሉማሜ፣ አውቶቡስ የሚቆምበት አካባቢ ሻይ ቤት ውስጥ ተቀጥራ እንደኖረች ነገረችኝ። ወንድማማቾቹ አንዱ ሞቶ ሌላው አገር ለቆ ስለሄደ ወደ ቀየዋ ለመመለስ አስባለች። ቀበሌው ግን «መሬትሽን ጥለሽ ሄደሻል» ብሏታል። ጥላ እንዳልሄደች፣ ለምስክርነት ብላ እንደተሰደደች የሚናገር ወረቀት ትፈልጋለች።

አሮጌውን ፋይል አወጣሁ። ቁልፉን ከሌላው ክፍል አመጣሁ። የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። «ወለተ ኪዳን» ይል የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ «እማዋይሽ» ሆነ። ለስንት ሰው ይህን አድርጌያለሁ፤ ያን ቀን ግን ዓይኔን ከስክሪኑ መንቀል አቃተኝ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

«አሁን ስምሽን ይላል።»

«ቀድሞስ ምን ይል ነበር?»

ሰባት ዓመት ያልተጠየቅሁት ጥያቄ ነበር። «ወለተ ኪዳን» አልኳት። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። የሚያውቀው የለም ብዬ ነው።»

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ወንበሩን በእጇ ዳብሳ ተቀመጠች።

«መምሬ ይትባረክ አይደሉም?»

«መምሬ ይትባረክ ማን ናቸው?»

«የነፍስ አባቴ። እዚህ መጥቼ መመስከሬን ለእሳቸው ተናዝዣለሁ። ከእናንተና ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እናንተ ከእኛ አልወጣም አላችሁኝ። ኑዛዜ አወጡ ብዬ በሰው በሰው እርግማን ላክሁባቸው። ደብሩ ሁሉ ሸሻቸው። ማንም ንስሐውን ሊነግራቸው አልወደደም። ባለፈው ዓመት ሞቱ እኮ።»

እኔ ያሰብኩት አንዲት ሴት ከቀየዋ አፈናቀልኩ ብዬ ነበር። እሷን ብቻ መስሎኝ ሰባት ዓመት ስቀጣ ኖርኩ። ለካ የማላውቃቸው አንድ ቄስም በእኔ ጥፋት ስማቸው ጠፍቶ ሞተዋል።

«ጻፊው» አለችኝ እማዋይሽ። «የእኔንም ያንቺንም ስም ሳትሸፍኚ ጻፊው። ሙት ዓመታቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መጥተሽ ራስሽ ታነቢዋለሽ።»

ጻፍኩት። በሥራ ዘመኔ ስሜን ከአባቴና ከአያቴ ስም ጋር ያስገባሁበት ብቸኛው ወረቀት ነው። በሚኒባስ ሮብ ገበያ ድረስ ሄድን፣ የቀረውን በእግር። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ የደብሩ አለቃ ፈቅደውልኝ ግቢው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ አነበብኩት። የመምሬ ይትባረክ ባለቤት ከባላቸው ሞት በኋላ ቆብ ጭነዋል፤ እማሆይ ዘነቡ ይባላሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ጨርሼ ቀና ስል ሰዉ መሬት መሬት ያያል። እማዋይሽ ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ተነሺ» አሏት። «እኛ እናውቀው ነበር።»

ቀና አለች። እኔም የሰማሁትን ተጠራጠርኩ።

«የወንድማማቾቹ ዘመዶች ያን ወረቀት ይዘው መጀመሪያ የመጡት እኛ ቤት ነው» አሉ እማሆይ። «‹ወለተ ኪዳን የትኛዋ ናት?› አሏቸው። ‹በዚህ ደብር ወለተ ኪዳን ብዙ ናት› አሉ መምሬ። አስፈራሯቸው፣ ሌላ ቃል አላወጡም። ታመሽ ሲጸለይልሽ የሰማ ሰው ነው የጠቆማቸው፤ እነሱም ቢሆኑ እርግጠኛ አልሆኑም። ክምርሽን ያቃጠሉት ትፈሪ እንደሆነ ሊያዩ ነው።»

«እኔ ስረግማቸው ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አለች እማዋይሽ። «‹ወረቀቱ ነው ያወጣት› ቢሉ እኮ ያበቃ ነበር።»

«እንዲያ ቢሉማ አንቺ መሆንሽን ማጽናታቸው ነው። ወንድምሽ ከነልጆቹ እዚሁ ነበር፣ ቂማቸውን በማን ላይ ይወጡት ነበር?» አሉ እማሆይ። «ከሉማሜ የተላከው እርግማን በደረሰ ቁጥር እኔ አለቅስ ነበር። እሳቸው ግን ‹ተይ፣ ትርገመኝ፤ ስትረግመኝ ነው በሕይወት መኖሯን የማውቀው› ይሉኝ ነበር።»

እማዋይሽ መሬቱን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። እማሆይም ጎንበስ ብለው ነጠላዋን አለበሷት። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ፤ በእጄ የያዝኩትን ወረቀት ማጠፍ እንኳ አልቻልኩም።